መቀስቀሻው ሽመል

የሰው አማርኛ ማረም አመሌ ነው። ባለቤቴ «አንቺ ጠበቃ ሳይሆን የሰዋስው አስተማሪ መሆን ነበረብሽ» እያለ ያሾፍብኛል፤ እኔም አላፍርበትም ነበር። አባቴ በሰፈራ ከወሎ ተነሥቶ አሶሳ አጠገብ ጎጆ ሲቀልስ ይዞት የመጣው ሀብት አማርኛው ብቻ ነበር፣ እሱንም አሳምሮ ለልጆቹ አወረሰ። «እኔ መጣ» የሚል ሰው ካጋጠመኝ «መጣሁ» ብዬ ሳላስተካክል ወሬው አይጥመኝም። እዚሁ ተወልጄ፣ የጎረቤት ማንጎ እየሰረቅሁ አድጌ፣ ከቤርታ ቋንቋ የማውቀው ሰላምታና ጥቂት የገበያ ቃል ብቻ መሆኑ ግን አንድም ቀን ከንክኖኝ አያውቅም። የከነከነኝ አንድ ሰውዬን ያለ ጥፋቱ እስር ቤት ልቀብረው ጥቂት ከቀረኝ በኋላ ነው።

ሥራዬ ተከላካይ ጠበቃነት ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለው ተከሳሽ ሲመጣ መንግሥት እኔን ያቆምለታል። መዝገብ ስለሚበዛብን አንዳንዱን የማነበው ፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ ነው። የዚያ ሰውዬ መዝገብ ስስ ነበረች። ቶሎ አለቀችልኝ፤ ቶሎ በማለቋም ደስ ብሎኝ እንደነበር አልክድም።

ተከሳሹ በሆሞሻ መንገድ ላይ ካለች መንደር የመጣ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋው የቤርታ ሰው ነው። ለዓመታት ጉባ፣ ግድቡ ላይ፣ በሌሊት ፈረቃ ሠርቷል። ከዚያ ተመልሶ አሶሳ ውስጥ የአንድ ነጋዴ የእህል መጋዘን ሌሊት ሌሊት ይጠብቃል፤ ጠዋት መንደሩ ገብቶ ይተኛል። ተጎጂው የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። ሁለቱ አጥራቸው ላይ ባለች አንዲት የማንጎ ዛፍ ሰበብ ሰው ፊት ተሰዳድበዋል። በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ የሚስትየው ወንድም ተከሳሹ ቤት ገባ፤ ሲወጣ የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ግንባሩ ተፈንክቶ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ተከሳሹ ሰሌኑ ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋል። በሩ አጠገብ አንድ ረጅም ሽመል ተደግፎ ተገኘና በኤግዚቢትነት ተያዘ። በእኛ አገር ሽመል የምንለው ቆላ የሚበቅለውን ቀርከሃ ነው፤ ሽመል የምንለው ደግሞ ሰው የሚማታበትንም ዱላ ነው።

ለፖሊስ የሰጠው ቃል ሁለት መስመር አይሞላም። «ቤቴ ውስጥ ተኝቼ በመጠበቅ ላይ እያለሁ ሲመጣ መታሁት» ይላል፤ ከሥሩ የጣት አሻራ አለ። ጸብ አለ፣ ዱላ አለ፣ አድፍጦ መጠበቅ አለ፣ ከመታ በኋላም ሳይሰቀጥጠው ተኝቷል። ዐቃቤ ሕጉ «አስቦ ከባድ የአካል ጉዳት በማድረስ» ወንጀል ከሰሰው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም የምከሰው እንደዚያው ነበር።

ማረሚያ ቤት ሄጄ አገኘሁት። ዓይኑ ቀልቶ፣ ፊቱ ገርጥቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። የሆነውን እንዲነግረኝ ጠየቅሁት።

«እኔ ተኛ። እሱ መጣ። እጅ መታ።»

«‘ተኝቼ ነበር’ ነው የሚባለው» አልኩት።

«ተኝቼ ነበር» ብሎ ደገመልኝ፤ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠ። ከዚያ ጥፋቱን ቢያምን ቅጣቱ እንደሚቀልለት፣ ቢክድ ግን ቃሉም ዱላውም ስለሚመሰክርበት ብዙ ዓመት ሊታሰር እንደሚችል አስረዳሁት። እሺ አለ። ስለ ሁሉም ነገር እሺ የሚል ሰው ነበር። ስወጣ በሩ ላይ ያለው ጠባቂ ሰውዬሽ እንቅልፍ የለውም፣ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ እንዳለ ያነጋል፣ ከሌሎቹ ርቄ ልሁን ብሎም ለምኖናል ሲል ነገረኝ። ጸጸት ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ከተከሳሹ ጋር የቆየሁት ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ አማርኛውን አርሜ፣ የነገረኝን ሳልሰማ ወጣሁ።

የእምነት ክህደት ቃሉን በሚሰጥበት ቀን አስተርጓሚ ተመደበለት። አስተርጓሚያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የከተማውን ግማሽ ስላስተማሩ ሁሉም «መምህር» ብቻ ይላቸዋል፤ ዳኛው ራሱ ሳያስበው ከመቀመጫው ከፍ ሊልላቸው ሲል አይቼዋለሁ። ክሱ ተነበበ፣ መምህር ወደ ቤርታ መለሱት። ዳኛው ድርጊቱን ፈጽመሃል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔ «አዎ» የሚለውን እየጠበቅሁ የሚቀጥለውን መዝገብ ማገላበጥ ጀምሬያለሁ። ተከሳሹ በቋንቋው ረዘም አድርጎ ተናገረ። መምህር አልተረጎሙም። መልሰው አንድ ነገር ጠየቁት፣ መለሰላቸው፤ ደግመው ጠየቁት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ዳኛው ዞሩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከመተርጎሜ በፊት የማስረዳው አለ። በአማርኛ ‘ተኛ’ ስንል ጋደም ያለውንም እንቅልፍ የወሰደውንም ነው። በእኛ ቋንቋ ሁለቱ አንድ ቃል አይደሉም። ይህ ሰው የሚለው እንቅልፍ ነው። ስመታው እንቅልፍ ላይ ነበርኩ፣ ሰው መምታቴን የነገሩኝ ፖሊሶች ናቸው ነው የሚለው።»

ዳኛው ወደ እኔ አየ። ተከላካይ ጠበቃዋ ይህን ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አውቅ ነበር ብል ውሸት ነው፤ አላውቅም ብል ደግሞ ሰውየው በገዛ አፉ፣ በሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነግሮኛል። «ነግሮኝ ነበር፤ የሰማሁት ግን አሁን ነው» አልኩ። ፖሊሱ የጻፈው በክፋት አልነበረም። «ተኝቼ፣ መጣ፣ መታሁት» የሚል የተቆራረጠ አማርኛ ሰማ፣ እንደ እኔው ላስተካክልለት ብሎ «በመጠበቅ ላይ እያለሁ» የሚል ቀጠለበት። የሰውየውን ዓመታት የሚወስደው ያ ሽርፍራፊ ነበር። ተለዋጭ ቀጠሮ ለመንኩ፣ ተፈቀደልኝ።

በማግሥቱ ከመምህር ጋር በባጃጅ መንደሩ ሄድን። መንገዱን ሁሉ አንዴም አልወቀሱኝም፤ ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስትየው ከጓሮ ኦቾሎኒ ስትነቅል አገኘናት። ሰላምታው አልቆ ስለ መጣንበት ጉዳይ አፋችንን ሳንከፍት፣ ብዙ ቀን ስታብሰለስለው የቆየችውን ጥያቄ አወጣችው። መምህር ሲተረጉሙልኝ ድምፃቸው ወረደ።

«ሽመሉን መቼ ነው የሚመልሱልን ትላለች። ሰውዬው ሲፈታ በምን እንቀሰቅሰዋለን ትላለች።»

ምን ማለቷ ነው አልኩ። ሴትየዋ ይሄን የማያውቅ ሰው አለ ወይ በሚል ዓይን አየችኝ፣ ከዚያ እያሳየች አስረዳችን። ባሏ ሲቀሰቅሱት በእጅ አይነካም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንቅልፍ ላይ ሳለ የነካውን ሰው ይማታል፣ ይጮኻል፣ ዓይኑን ገልጦ ያያል ግን ማንንም አያውቅም፤ ተመልሶ ይተኛል፣ ሲነቃ ምንም አያስታውስም። አባቱም እንደዚያ ነበሩ። የሌሊት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብሶበታል። ስለዚህ ከደጃፉ ቆመው፣ በረጅሙ ሽመል ጫፍ የእግሩን ጣት ቀስ አድርገው እየነኩ ይጠሩታል። ልጆቿ የሚያውቁት እንደዚያ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ሴቶችም ሊጠሩት ሲመጡ ሽመሉን አንሥተው ነው። ወንድሟ ግን ባምባሲ ብዙ ዓመት ኖሮ በቅርቡ ነው የተመለሰው። ለዕርቅ መጣ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አጣ፣ ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው። ባሏም እንቅልፍ ላይ እንዳለ አጠገቡ ባገኘው በርጩማ መታው።

ስትቀሰቅሰው የት እንደምትቆም ጠየቅኋት፤ ደጃፉ ላይ ቆማ አሳየችኝ። የባሏ ሰሌን ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ነው። ሽመሉ የሚደገፍበት ቦታ ላይ፣ የግድግዳው ጭቃ ለዓመታት ተፍቆ ቦይ ሠርቷል። በስልኬ ፎቶ አነሣሁት።

ሕጉን እንደገና ገለጥሁ። የወንጀል ሕጋችን በሕመም፣ በአእምሮ መታወክና በመሳሰለው ምክንያት የሚሠራውን ያላወቀ ሰው አይቀጣም ይላል። እንቅልፍ የሚል ቃል ግን ጣቴን መስመር ለመስመር እየጎተትኩ ብፈልግ አጣሁ። «በመሳሰለው» ላይ ተንጠለጠልኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ከት ብለው ሳቁብኝ፤ አንዱማ እኔም ዘግይቼ የምገባው ተኝቼ ነው፣ ለእኔም ተከራከሪልኝ አለኝ። ዳኛው ግን አልሳቀም፤ ሐኪም ተከሳሹን መርምሮ ውጤቱን እንዲያቀርብ አዘዘ።

የከበደኝ የገዛ ደንበኛዬ ነው። ከመምህር ጋር ሆነን የሐኪሙን ነገር ስንነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ እሺ ማለቱን ተወ። የአእምሮ ሐኪም የሚለውን ሲሰማ ከአግዳሚው ተነሣ።

«እኔ እብድ አይደለም። እብድ ከተባለ የእኔ ሴት ልጅ ማን ያገባል? እስር ይሻላል።»

ምላሴ ላይ «አይደለሁም» የሚለው እርማት መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። እንዲቀመጥ ለመንኩት፣ ከዚያ ይቅርታ ጠየቅሁት። ያን ቀን ስትነግረኝ ቃልህን እንጂ አንተን አልሰማሁም፣ ልትታሰር የነበረው በእኔ ነው አልኩት። መምህር ሲተረጉሙ ምንም አልጨመሩም፣ ምንም አልቀነሱም። ጠባቂው የነገረኝ ትዝ ብሎኝ ለምን ቁጭ ብለህ ታድራለህ አልኩት።

«ሰው አለ አጠገብ። ብዙ ሰው። ነካኝ ከሆነ እጅ ይመታል።»

ያን ሁሉ ሳምንት፣ ሰው እንዳይጎዳ ብሎ እንቅልፉን ሲታገል ኖሯል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ጠበቃ ደንበኛው ፊት አያለቅስም። መምህር ግን ተጠጉት፣ በቋንቋቸው ለረጅም ጊዜ አወሩት። ወባ ያመመው ሰው ሲቃዥ እብድ ይባላል ወይ አልኩት ብለው በኋላ ነገሩኝ። እኔም ፍርድ ቤት ውስጥ ከአፌ እብድ የሚል ቃል እንደማይወጣ፣ የምናገረው ስለ እንቅልፍ ብቻ እንደሚሆን ቃል ገባሁለት። ሐኪሙን ለማየት ተስማማ።

ሐኪሙ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። የደንበኛዬን ሚስት፣ ጎረቤቶቹን፣ ጉባ አብሮት የሠራ ሰው ሳይቀር ለየብቻ ጠየቀ። ያ የሥራ ጓደኛው ካምፕ ውስጥ አልጋውን ማንም እንዳይነካ ተነጋግረው በባልዲ ጩኸት ይቀሰቅሱት እንደነበር ተናገረ። ሐኪሙ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነገሩን ቀለል አድርጎ አስረዳ፤ ሰው ከከባድ እንቅልፍ በድንገት ሲነካ ገላው ቀድሞ ሊነሣ እንደሚችል፣ አእምሮው ግን ገና እንዳልነቃ፣ ይህ እብደት ሳይሆን የእንቅልፍ ሕመም እንደሆነ፣ እንቅልፍ ማጣትና የሌሊት ሥራ እንደሚያብሰው። ደንበኛዬ መምህር ሲያንሾካሹኩለት አንገቱን ቀና አደረገ። ልጁ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቀጥሎ ተጎጂው ቀረበ፤ ትከሻው ገና በጨርቅ ታስሯል። ዐቃቤ ሕጉ ከክፍሉ ጥግ የቆመውን ሽመል እያሳየ የተመታህበት ይሄ ነው ወይ አለው። አይደለም፣ በርጩማ ነው አለ። ዳኛው ገርሞት ችሎት አስከባሪውን ሽመሉን አንሥቶ እንደሚመታ ሰው እንዲሰነዝረው አዘዘው። ሰውየው አነሣው፤ ጫፉ ጣሪያው ላይ ካለው ማራገቢያ ጋር ተጋጨና የማራገቢያው አንዱ ክንፍ ተጣሞ ቀረ። ችሎቱ ሳቀ፤ ዳኛውም ከንፈሩን ነከሰ። በዚያ ሽመል፣ በዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ማንም ማንንም መምታት እንደማይችል ሁሉም አየ።

እኔ ለተጎጂው የነበረኝ ጥያቄ አንድ ነው። ሲመታህ ፊቱን አይተሃል ወይ አልኩት። ዐቃቤ ሕጉን አየ፣ እህቱን አየ። መልሱ ደንበኛዬን ሊጠቅመውም ሊጎዳውም እንደሚችል እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«ዓይኑ ክፍት ነበር» አለ። «እኔን ግን አላየም። ወላሂ፣ አላየኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ጎበዝ ሰው ነው፤ እጅ አልሰጠም። እሺ፣ ሳያውቅ መታ እንበል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው እያወቀ ሳይጠነቀቅ በመተኛቱ በቸልተኝነት ይጠየቃል አለ። ይሄ ክርክር ለሦስት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ የመጣው መልስም ከሕግ መጽሐፍ አይደለም። የግድግዳውን ፎቶ አቀረብኩ። ይህ ቦይ የተሠራው አንድ ቤተሰብ ለዓመታት፣ ቀን በቀን፣ ያን ሽመል እያነሣ እየመለሰ ነው፤ ደንበኛዬም ሽመሉን ለሚመጣ ሰው ሁሉ በር ላይ አስቀምጦ ተኝቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ጥንቃቄ አለ አልኩ። ፖሊስ ወንጀሉን ይመሰክራል ብሎ የያዘው ዕቃ የሰውየው ጥንቃቄ ራሱ ነው አልኩ። ደህና አድርጌ እንደተናገርኩ ያወቅሁት መምህር መተርጎሙን ረስተው እኔን ያዩ ስለነበር ነው።

ፍርዱ የተነበበው ዝናብ ሊጥል ባጉረመረመበት ከሰዓት ላይ ነው። ተከሳሹ ድርጊቱን አስቦም ሆነ በቸልተኝነት እንዳልፈጸመ፣ ስለዚህም በወንጀል እንደማይጠየቅ፣ ሆስፒታል ክትትሉን እንዲቀጥልና የሌሊት ሥራ እንዲተው ተነገረ። መምህር ሲተረጉሙለት መጀመሪያ እሺ አለ፤ እንደ ልማዱ። ከዚያ ምን እንደተባለ ገባው መሰለኝ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሽመሉ ለባለቤቱ ይመለስ ተባለ። ከመዝገብ ቤት ተረክቦ፣ በደህናው ትከሻው ተሸክሞ የወጣው የሚስትየው ወንድም ነው። በሩ ላይ ሊያዞረው ሞከረ፣ አልዞር አለው፤ ከደንበኛዬ ጋር ተሳስቀው ለሁለት ያዙት።

ማንጎ ሲደርስ ጠሩኝ። ከመምህር ጋር ሄድኩ፤ አሁን ሳምንት በሳምንት ቤርታ ያስተምሩኛል፣ ስሳሳትም አይተውኝም፣ ከእኔ የባሱ አራሚ ናቸው። ደንበኛዬ አሁን ቀን ቀን የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራል። ያን ቀን ከሥራ ገብቶ አጥሩ ላይ ባለችው፣ ባጣላቻቸው ማንጎ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። እንግዳ መጣ ተብሎ ሊቀሰቅሱት ሆነ። የሚስቱ ወንድም ሽመሉን ከበሩ አንሥቶ አመጣ፤ ትከሻው ትንሽ ጎበጥ ብሎ ነው የዳነው። ሊነካው ሲል ቆም አለና ሽመሉን ለእኔ ሰጠኝ።

«አንቺ ቀስቅሺው» አለኝ።

ከሩቅ ቆሜ ጫፉን የእግሩ ጣት ላይ አሳረፍኩ፤ ቀስ ብዬ፣ በቤርታ ጠራሁት። ዓይኑን ገለጠ። ለትንሽ ጊዜ አየኝ፣ አላወቀኝም፤ ሁላችንም ባለንበት ቆመን ጠበቅን። ከዚያ አወቀኝ፣ ፈገግ አለ፣ ቃሉን አንድ በአንድ አስተካክሎ አስቀመጠልኝ።

«ተኝቼ ነበር» አለኝ።